የቬንገር ስልትና የደጋፊው ምሬት

በሥነ ጽሑፍና በባህል መጽሔት ላይ ስለ ኳስ አሰልጣኝ መጻፍ ቦታውን የሳተ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ በበኩሌ እንዲህ አላስብም። ተመልካች አንድን ሥራ በየሳምንቱ አይቶ፣ ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ፣ ጥሩውን ጥሩ፣ ደካማውን ደካማ ብሎ ከፈረደ ያደረገው ነገር ሂስ ነው። ሥራው ልብ ወለድም ይሁን፣ ቴአትርም ይሁን፣ ሣር ላይ የሚሮጡ አሥራ አንድ ሰዎችም ይሁኑ የፍርዱ ጠባይ አንድ ነው። ሂስ ከሆነ ደግሞ ራሱም ሊመዘን ይገባዋል። አሰልጣኙ በየሳምንቱ ይመዘናል፤ ደጋፊው ግን ሚዛን ላይ ሲወጣ አይታይም።

እዚህ ልመዝነው የተነሣሁት የአርሰናል ደጋፊ በአርሴን ቬንገር ላይ ያሰማውን ምሬት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ምሬት የመረጥሁት ከለንደን አልፎ አዲስ አበባ ድረስ፣ ኳስ በሚያሳዩ ቤቶች ሁሉ የተሰማና ብዙ ዓመት የዘለቀ በመሆኑ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እውነትነቱ በመጨረሻ ሜዳ ላይ ተፈትኗል።

የላላውን ለመናገር በመጀመሪያ የተገነባውን ማወቅ ያሻል። ቬንገር በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት ተነሥተው ሰሜን ለንደን ሲደርሱ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው አያውቃቸውም ነበር። በ1998 እና በ2002 የሊጉንና የኤፍ ኤ ካፑን ዋንጫ በአንድ ዓመት አጣምረው ወሰዱ። በ2003/04 የውድድር ዘመን ከ38 የሊግ ጨዋታዎች 26ቱን አሸንፈው፣ 12ቱን አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ ሻምፒዮን ሆኑ። ሽንፈት ያልነካው የሊግ ጉዞ 49 ጨዋታ ከደረሰ በኋላ ኦክቶበር 24 ቀን 2004 ኦልድ ትራፎርድ ላይ በማንቸስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 ተገታ።

የዚያን ቡድን ውበት ያየነው በቲዬሪ ሄንሪ ሩጫና በዴኒስ ቤርካምፕ የኳስ ንክኪ ነው። ውበቱን የተሸከመው ግን ከሥር ነበር። አሽሊ ኮልና ሎረን ከግራና ከቀኝ መስመር ወደፊት ሲወጡ፣ ትተውት የሚሄዱትን ሜዳ ፓትሪክ ቪዬራና ጂልቤርቶ ሲልቫ ይጠብቁላቸው ነበር። ጣሪያው ያማረው ምሰሶው ስለ ጸና ነው። ቪዬራ በ2005፣ ጂልቤርቶ በ2008 ክለቡን ለቀቁ። በእነርሱ ልክ የሚሆን ምሰሶ ሳይተከል ጣሪያው እንዳለ ቀጠለ።

ደጋፊው «ስልታቸው አይለወጥም» ሲል አሰላለፉን ማለቱ ከሆነ ተሳስቷል። 4-4-2 የነበረው 4-3-3 ሆኗል፤ ቆይቶም 4-2-3-1 ሆኗል። በወረቀት ላይ ቁጥሩ ተለዋውጧል። ሳይለወጥ የቀረው ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው ሐሳብ ነው፤ ኳስን በአጭር በአጭሩ እየተቀባበሉ መሐል ለመሐል መሰንጠቅ፣ ሁለቱንም የመስመር ተከላካዮች ወደፊት መላክ፣ ተጋጣሚው ማንም ይሁን ማን የራስን ጨዋታ መጫወት። ይህ ሐሳብ ኳስ በእግር ሥር እስካለች ድረስ ያምራል። ኳስ በተነጠቀች ጊዜ ግን ከኋላ የሚቀሩት ሁለት ተከላካዮችና ባለቤት የሌለው ሰፊ ሜዳ ናቸው። ተጋጣሚዎች ይህን አጥንተው ይመጡ ነበር።

የ2013/14 የውድድር ዘመን ለዚህ በቂ ምስክር ነው። አርሰናል በዲሴምበር በማንቸስተር ሲቲ 6 ለ 3፣ በፌብሩዋሪ በሊቨርፑል 5 ለ 1፣ በማርች በቼልሲ 6 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሦስቱም በተጋጣሚ ሜዳ ነው። ሊቨርፑል አራቱን ጎሎች ያስቆጠረው በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ነበር። አንፊልድ ላይ ያን ያየ ቡድን ስታምፎርድ ብሪጅ ሲሄድ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በጥንቃቄ ይጫወታል ተብሎ ይጠበቃል። ቼልሲ በ17 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አገባ። ያ ቀን ቬንገር አርሰናልን የመሩበት 1000ኛ ጨዋታ መሆኑ መራራነቱን አበዛው። በአውሮፓ መድረክም ታሪኩ ይኸው ነው። ከ2011 እስከ 2017 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ከሻምፒዮንስ ሊግ የተሰናበቱት በ16ቱ ቡድኖች ዙር ነው፤ በባርሴሎና፣ በሚላን፣ በባየርን ሙኒክ፣ እንደገና በባየርን፣ በሞናኮ፣ እንደገና በባርሴሎና፣ ለሦስተኛ ጊዜ በባየርን። የመጨረሻው የደርሶ መልስ ውጤት 10 ለ 2 ነበር።

የምሬቱን ምንጭ የማየው እዚህ ላይ ነው። ደጋፊ ሽንፈትን ይችላል። ባይችል ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን ዋንጫ የማያዩ ክለቦች ደጋፊ ባልኖራቸው ነበር። የሚያንገፈግፈው የሚሆነውን ቀድሞ ማወቅ ነው። መጋረጃው ሳይገለጥ ማን እንደሚሞትና በማን እጅ እንደሚሞት የሚታወቅበት ቴአትር ተዋንያኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ተመልካቹን ያስቆጣዋል፤ እንደ ተናቀ ይሰማዋልና። ቬንገር ተጫዋች የሚቀይሩት 70ኛው ደቂቃ ግድም ነው የሚለው በደጋፊው ዘንድ የተለመደ ቀልድ ነበር። ቡድኑ እየተመራ፣ ጉድለቱ በ30ኛው ደቂቃ እየታየ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ 70ኛውን ደቂቃ ይጠብቃል። ቀልዱን የወለደው ንዴት ነው።

እስከዚህ ድረስ የደጋፊው ሂስ ትክክል ነው። ጉድለቱን ለይቶ ዐውቋል፤ ለዓመታትም «ተከላካዮቹን የሚሸፍን ጠንካራ አማካይ ይገዛ» ሲል ቁርጥ ያለ ነገር ተናግሯል። ምክንያቱን ሲተነትን ግን ሁለት የተለያዩ ዘመናትን ደባልቋል። ክለቡ በ2006 ወደ 38 ሺህ ገደማ ሰው ከሚይዘው ሀይበሪ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ ስታዲየም ተዛወረ። የግንባታው ዕዳ የገበያ አቅሙን አጠበበው። በ2011 ሴስክ ፋብሪጋስና ሳሚር ናስሪ ተሸጡ። በ2012 ሮቢን ቫን ፔርሲ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጦ በዓመቱ ከአዲሱ ክለቡ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በየዓመቱ ምርጥ ተጫዋቹን እየሸጠ፣ ያም ሆኖ ከአራቱ አንደኛ እየሆነ የሚጨርስ አሰልጣኝ ሙያው የሚደነቅ ነው። ከ2005 እስከ 2014 ዋንጫ መጥፋቱን ለግትርነት ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአንጻሩ በ2013 ሜሱት ኦዚል፣ በ2014 አሌክሲስ ሳንቼዝ ከተገዙ በኋላ የገንዘቡ ምክንያት ሳስቷል። በ2014 እና በ2015 ኤፍ ኤ ካፑ ቢገኝም የሊጉ ዋንጫ ራቀ። ደጋፊው በመጀመሪያው ዘመን አብዝቶ ወቀሰ፤ ወቀሳው እውነት በሆነበት በሁለተኛው ዘመን ደግሞ የሚሰማው አላገኘም።

የሂሱን እውነትነት ያረጋገጠው አንድ አጋጣሚ ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2016 አርሰናል በሜዳው ቼልሲን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ሦስቱም ጎሎች የገቡት በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። የቼልሲው አሰልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ የጨዋታውን ማለቅ አልጠበቁም። በ55ኛው ደቂቃ ፋብሪጋስን አስወጥተው ማርኮስ አሎንሶን አስገቡና የኋላውን መስመር በሦስት ተከላካዮች አዋቀሩት። ያ ጨዋታ አልዳነም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቼልሲ 13 የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ፤ በ93 ነጥብም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ቀን ያሸነፉት ቬንገር በያዙት ቀጠሉ። ተሸናፊው ከሽንፈቱ ሲማር አሸናፊው ከድሉ ምንም አልተማረም።

ኤፕሪል 10 ቀን 2017 አርሰናል በክሪስታል ፓላስ 3 ለ 0 ተረታ። ከሳምንት በኋላ ሚድልስብራ ላይ ቬንገር ለብዙ ዓመታት ያልሞከሩትን አደረጉ፤ ቡድናቸውን በሦስት ተከላካዮች አሰለፉ። 2 ለ 1 አሸነፉ። በዚሁ አሰላለፍ በኤፍ ኤ ካፑ ግማሽ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን፣ ሜይ 27 ቀን በፍጻሜው ያንኑ ሻምፒዮን ቼልሲን፣ ሁለቱንም 2 ለ 1 ረቱ። በሊጉ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ75 ነጥብ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ፤ በቬንገር ዘመን ከአራቱ ውጪ የመጀመሪያቸው ነው። ኮንቴ በ55 ደቂቃ የደረሱበት ውሳኔ ቬንገርን ሰባት ወር ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ አስጠበቀ። ይህ ድል ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። «ሰውየው መለወጥ አይችሉም» ያለው ደጋፊ ሲለወጡ አየ። «መለወጥ አያስፈልጋቸውም» ያለው ደጋፊም የለውጡን ፍሬ አየ።

አሁን ወደ ሂሱ ቋንቋ ልምጣ። ማርች 18 ቀን 2017 አርሰናል ከዌስት ብሮሚች ጋር ሲጫወት በስታዲየሙ ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ቬንገር እንዲሰናበቱ የሚጠይቅ ጽሑፍ እየጎተተ አለፈ። ሌላ አውሮፕላን ደግሞ በቬንገር እንደሚታመን የሚገልጽ ጽሑፍ እየጎተተ ተከተለ። በሁለቱም ጽሑፎች ላይ ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አልነበረም። «ቬንገር ይውጡ» የሚለው መፈክር እየዞረ ሄዶ በኖቬምበር 2017 ሐራሬ ውስጥ ሮበርት ሙጋቤ ከሥልጣን እንዲወርዱ በተደረገው ሰልፍ ላይ ሳይቀር ታየ። ሳቅ ያስነሣል፤ ግን አንድ ነገር ይናገራል። ዚምባብዌ ላይም ለንደን ላይም እኩል የሚሠራ መፈክር ስለ መሐል ሜዳ የሚነግረን ነገር የለውም። «አማካይ ይገዛ» ብሎ የጀመረው ሂስ «ይውጡ» ወደሚል አንድ ቃል ጠበበ። በየሳምንቱ ያንኑ ቃል በመደጋገምም ከሚቃወመው ስልት የተለየ አልሆነም።

ቬንገር ኤፕሪል 20 ቀን 2018 እንደሚለቁ አስታወቁ። የተተኩት ኡናይ ኤምሪ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው፣ በኖቬምበር 2019 ተሰናበቱ፤ እነርሱም የተሸኙት በዚያው የደጋፊ ጩኸት ነው። ሰው በመለወጥ ብቻ ጨዋታ እንደማይለወጥ ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም።

ይህ ነገር ወደ እኛም መንደር ይመጣል። አንድ ደራሲ በመጀመሪያ መጽሐፉ ካስደሰተን በኋላ ያንኑ ሲደጋግምልን የምናውቀው መልስ ሁለት ነው፤ በውለታው አፍረን ዝም እንላለን፣ አለዚያም «አለቀለት» እንላለን። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ «ይህ ምዕራፍ እዚህ ላይ ላልቷል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚለውን ሥራ የሚሠራ ጥቂት ነው። ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ቬንገር የሰጡንን ውበት እየወደደ፣ ከኋላ የቀረውን ባዶ ሜዳ በስሙ ጠርቶ ያሳየ ደጋፊ ጥሩ ሐያሲ ነበር። ሜዳውን ትቶ ሰውየውን ብቻ ያየው ደጋፊ ግን፣ ንዴቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ሂሱን ገና ሳይጨርሰው ጥሎት ሄዷል።