የኋላ እግር ሥራ ሲመዘን

አንድ ሰው ግቢው ውስጥ የላዳውን የኋላ ጎሚኒ ቀይሮ ሲጨርስ፣ ከበው የሚያዩት ሰዎች የሚሉት አንድ ነው፦ «ውይ! ከፍ አለች እኮ!» ሠሪውም እጁን በቤንዚን እየታጠበ ፈገግ ይላል። እኔን የሚያበሽቀኝ ይኸው ነው። የመኪናን ቁመት የሚወስነው ሞላ ነው። ሞላው ሳይቀየር ጀርባዋ ከፍ ካለ፣ ሰዎቹ ያደነቁት ጥፋቱን ራሱን ነው።

ስለ ጀማሪ ነገሮች ብዙ አላወራም። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር እንደማይገባ፣ ካቫሌቶ እንደሚያስፈልግ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ እንደሚያዙ፣ ሾክ አብዞርበር በአንድ ጎን ብቻ እንደማይቀየር፣ የዛገ ቡሎን ከዋዜማው ዘይት ጠጥቶ እንደሚያድር የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ ያቀብል። ከሶማሌ ተራ አዲስ ዕቃ ገዝቶ መምጣትም፣ ዘንጉን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ማብለጭለጭም ሥራ አይባልም። አዲስ ዕቃ ከመጥፎ እጅ ከገባ ከአሮጌው ቀድሞ ያልቃል።

ላዳን ምሳሌ የማደርጋት የአዲስ አበባ መካኒክ ብዙውን ነገር የተማረባት እሷ ስለሆነች ነው። ፊያት 124ን መነሻ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1970 ቶልያቲ ላይ መመረት የጀመረች መኪና ናት። የኋላ አክስሏ አንድ ወጥ ነው፤ ክብደቷን ሁለት ሞላዎች ይሸከማሉ። አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት ግን አምስት ዘንጎች ናቸው፤ አራቱ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ፣ አንዱ አግድም። እያንዳንዱ ዘንግ በሁለት ጫፉ ጎሚኒ አለው። በድምሩ 10 ጎሚኒ፣ 10 ቡሎን። የሠሪው ችሎታ የሚታየው በእነዚህ ቡሎኖች ላይ ነው፤ ያውም ቡሎኖቹ በጠበቁበት ሰዓት።

ብዙ ሰው ጎሚኒ እንደ በር ማጠፊያ የሚዞር ይመስለዋል። አይዞርም። በዘንጉ ጆሮ ውስጥ ጎማ ተጨቁኖ ይገባል፤ በጎማው መሐል ደግሞ የብረት ቱቦ አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው በመያዣው ሁለት ጉንጮች መካከል ይነከሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ጎማው እየተጠመዘዘለት ነው። ስለዚህ ቡሎኑ የጠበቀበት አቋም ለጎማው ማረፊያው ይሆናል። እግር ሥራ ማለት ይህን ማረፊያ በትክክለኛው ቦታ መስጠት ነው፤ ሌላው ሁሉ መፍታትና መግጠም ነው።

አሁን መኪናዋ ተሰቅላ፣ አክስሏ ቁልቁል ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አጠበቃችሁ እንበል። ስትወርድና በጎማዋ ስትቆም ዘንጉ 15 ዲግሪ ቢነሳ፣ ጎሚኒው ገና ከግቢ ሳይወጣ 15 ዲግሪ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ቆማ ስታድር ተጠምዝዞ ያድራል። ጉድጓድ ስትገባ ሌላ ይጨመርበታል። አቅሙ ሲያልቅ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ከቱቦው ጋር ያለው ቁርኝት ይለቅና መንጓጓት ይጀምራል። እስከዚያው ግን የተጠመዘዘው ጎማ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ስለሚታገል የመኪናዋን ጀርባ ወደ ላይ ይገፋል። ያ ሁሉ የተደነቀው ከፍታ ከዚህ የመጣ ነው።

ጉዳቱ በጎሚኒው ብቻ አያበቃም። ላዳ የኋላ ፍሬኗን ኃይል የሚመጥን መሣሪያ አላት፤ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዞ በቦዲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ያነባል። ጀርባዋ ያለ አግባብ ከፍ ሲል መሣሪያው መኪናዋን ባዶ አድርጎ ይቆጥራትና ለኋላ ጎማዎች የሚሰጠውን ፍሬን ይቀንሳል። በጎሚኒ የተጀመረ ስንፍና ፍሬን ላይ ደረሰ ማለት ነው።

እኔ ሙያውን ያየሁበት ጋራዥ አለቃ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ዕቃውን ገጥመው፣ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አስይዘው መኪናዋን ያወርዷታል። ከዚያ ጀርባዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ይለቃሉ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ትንሽ ያስገፏታል፣ ጎማዎቹ መሬት ይዘው እንዳይቀሩና እግሯ በራሱ ቦታ እንዲያርፍ። ቀጥሎ እኛን ተለማማጆቹን «ግቡ!» ይሉናል። አራት ሆነን እንቀመጣለን። ታክሲ ባዶዋን አትውልም፤ ማረፊያዋ ሰው የጫነችበት ቁመት ነው የሚል እምነት ነበራቸው። እኛ ውስጥ እየተሳሳቅን፣ እሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው አሥሩን ዳዶ አንድ በአንድ ያጠብቃሉ። ያጠበቁትን በነጭ ቀለም ከዳዶው እስከ መያዣው ያሰምሩበታል፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። አንዴ አንድ ሾፌር «ጋሼ፣ እዚያው እንደተሰቀለች ይጥበቅና ልሂድ፤ ሥራ ረፈደብኝ» አላቸው። «ሂድ፤ ግን ማን ሠራልህ ሲሉህ ስሜን እንዳትጠራ» አሉት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እንደሳቸው ስሙን የሚጠብቅ ሠሪ ዛሬ የት እንደሚገኝ እንጃ። አሁን ያለው መኪናዋን ከማውረዱ በፊት ሒሳብ ይጠይቃል።

እንግዲህ ሥራ ስትረከቡ ይህን ተመልከቱ። አንደኛ፣ ከሥራው በፊት ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለኩ፤ ከሥራው በኋላም ድገሙት። ሞላ ሳይቀየር ልዩነቱ ከታየ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ በባትሪ የጎሚኒውን ፊት እዩ። የተስተካከለ ጎሚኒ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ የተጠመዘዘው በቱቦው ዙሪያ ወደ አንድ ወገን የተጎተተ ሽብሽብ ያሳያል። ሦስተኛውና የማይዋሸው፣ በጎማዋ እንደቆመች አንዱን ዳዶ ማላላት ነው። በሥርዓት የጠበቀ ከሆነ ይህ ነው የሚባል ነገር አይፈጠርም። ተሰቅላ የጠበቀች ከሆነ ግን ቱቦው ከንክሻው ሲለቀቅ «ጧ!» ይላል፤ ዘንጉም ሲነቃነቅ በዓይን ይታያል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

«የእኔ ላዳ አይደለችም» የምትሉ አትዝናኑ። ቪትዝ የኋላ አክስሏን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙ ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች አሏት፤ ደንቡ ያው ነው። ሂሉክስ ባሌስትራ ላይ ትቆማለች፤ የባሌስትራው ፐርኖዎችም የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኙት ክብደቷን ተሸክማ ነው። ከፖሊዩሬቴን የተሠራው ጎሚኒ በቱቦው ላይ ስለሚዞር ችግሩ አይመለከተውም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አይጠመዘዝም። እኔ ግን እሱንም መሬት ላይ አጠብቃለሁ፤ ሁለት ዓይነት ልማድ ያለው እጅ አንድ ቀን ይሳሳታልና።

ጥቃቅኑን በአጭሩ ልበል። ጎሚኒ ሲገባ የሳሙና ውኃ ይቀባል እንጂ ግራሶ አይነካውም፤ የነዳጅ ዘር ያለበት ቅባት ተራውን ጎማ ያሳብጠዋል። በሞርሳ ተገፍቶ ይገባል እንጂ በመዶሻ አይደበደብም። የሾክ አብዞርበር የሚያብረቀርቅ ዘንግ በፒንሳ ከተያዘ ዕቃው ተበላሽቷል፤ ጭረቱ ማሸጊያውን በልቶ ዘይት ያፈሳል። ቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክቶ መጎተት ጉልበት ያሳያል እንጂ ልክ አያሳይም።

ቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከስሯ የሚገባበት ጉድጓድ የለም ብላችሁ አታመካኙ። አራቱንም ጎማዎች እኩል ውፍረት ባለው ጠንካራ የእንጨት ሳንቃ ላይ አቁሟት፤ በጎማዋ እስከቆመች ድረስ ቁመቷ ያው ነው። በሌላ ሰው የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ የሚከፈለው መኪናዋ ወርዳ፣ ቡሎኑ ዓይናችሁ እያየ ሲጠብቅ ነው። ሠሪው «ተሰቅላ ጠበቀች፣ መሬት ላይ ጠበቀች፣ ምን ለውጥ አለው?» ካላችሁ አንዱን ዳዶ እንዲያላላ ጠይቁት። እምቢ ካለ የቀሩትን ዘጠኙን እንዴት እንዳጠበቃቸው ነግሯችኋል።