ሐሰተኛ ገንዘብና እውነተኛ ሣቅ

ሣቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ክፋትን አሳፍሮ ይገሥጻል፤ ሁለተኛው ግን ክፋትን አለስልሶ ያስወድዳል። ስለዚህ አንድን አስቂኝ ሥራ ስንመዝን «አሣቀን ወይ?» ብለን ብቻ ሳይሆን «በማን አሣቀን?» ብለንም ልንጠይቅ ይገባናል።

ፈረንሳዊው ዢል ግራንዢዬ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው «ለ ካቭ ሰ ረቢፍ» የተባለው ፊልም ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። ስሙ «ተላላው ሲያምፅ» እንደ ማለት ነው። ገንዘብ ያጠራቸው ጥቂት ሸረኞች ተሰብስበው የሆላንድን ገንዘብ አስመስለው ለማተም ይመክራሉ። ቅርጹን የሚያወጣላቸው ሮቤር የተባለ የእጅ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ከሸረኞቹ አንዱን ወዳጅ አድርጋ ይዛለችና ሁሉም እንደ ሞኝ ይቆጥሩታል። ሥራውን እንዲመራም ዣን ጋባን የሚጫወተውን፥ በሩቅ አገር ፈረስ እያረባ የሚኖረውን የሙያውን አለቃ ያስመጣሉ። በመጨረሻ አለቃውና ሞኝ የተባለው ሰው ተስማምተው ገንዘቡን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሸረኞቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

እኔ ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ሚሼል ኦዲያር የጻፈው ንግግር የተሳለ ነው፤ ባለሙያውን የናቁ ሰዎች በናቁት ሰው መታለላቸውም ደስ ያሰኛል። «ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፥ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና» የሚለውን የአባቶች ቃል ያስታውሳል።

ነገር ግን አንድ ሰው ጐድሎብኛል። ያ የታተመ ወረቀት የማታ ማታ በአንድ ሰው እጅ መቅረቱ አይቀርም፤ ያን ሰው ግን ፊልሙ አያሳየንም። እኛ ልናስበው እንችላለን። ከሀብሩ ገጠር ሽንኩርትና ብርቱካን ተሸክማ ወደ መርሳ ገበያ የምትወርድ እናት ሐሰተኛ ኖት ብትቀበል፥ ወልድያ ባንክ ብትወስደው ይያዝባታል እንጂ አይለወጥላትም። የጨውና የዘይት መግዣዋ በዚያች ወረቀት ይቀራል። ነገም ከማታውቀው ሰው እጅ ገንዘብ ለመቀበል ትፈራለች። ወረቀቱን ገንዘብ የሚያደርገው መተማመን ነውና ሐሰተኛው የሚሰርቀው ይህንኑ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲወጣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም ሐሰተኛ ገንዘብን መከላከል ነበር።

ወጣቶች ሆይ፥ ፊልሙን ብታገኙት እዩት፥ ሣቁም። ነገር ግን ብልጠትን ከጥበብ አትቀላቅሉ። የሮቤር ጥበብ በእጁ ነበረ፤ ብልጠቱ ግን ያን እጅ ለሐሰት አዋለው። ኪሳችሁ በጐደለ ቀን አቋራጭ መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው ቢመጣ፥ ፊልሙ ያላሳየውን ሰው አስቡ፤ ያ ሰው ምናልባት እናታችሁ ናት።