ጆሮ የሚቆጥረው፤ ስለ ስንኝ ምጣኔና ስለ ዜማ ስሌት

ስለ አማርኛ ግጥም ምጣኔ የተጻፉ ጥናቶችን የተመለከተ ሁሉ አንድ የጋራ ልማድ ሳያስተውል አይቀርም። ስንኙ በሐረግ ይከፈላል፤ የሐረጉ ቀለማት ይቆጠራሉ፤ ስድስት በስድስት ከሆነ «የወል ቤት»፣ አምስት በአምስት ከሆነ «ሰንጎ መገን» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ስለ አማርኛ አገጣጠም ስልት ያቀረቡት ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት በር ከከፈቱት አንዱ ነው። መንግሥቱ ግን የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ ግጥም በወረቀት ከመሥፈሩ በፊት በጆሮ እንደሚመዘን ያውቁ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ብዙዎቹ መምህራን ጣቱን ወርሰው ጆሮውን የተዉት ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ የስንኝ ቁጥር በመጀመሪያ የጊዜ ቁጥር መሆኑን፣ ስለዚህም ሙዚቃ ውስጥ ካለው ሒሳብ ተነጥሎ ሊጠና አለመቻሉን ነው።

የሚከተለውን ጥንድ ስንኝ ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከቁም ነገር ግጥም ይቆጠርልኝ አልልም፤ ለመቁጠር ግን ይመቻል፦

የዋጫ ደመና ከዛፍ ላይ ተኝቶ፣
መንገዱን ዘነጋው ቡናና ማር ሽቶ።

ፊደሉን የሚቆጥር ሰው በመጀመሪያው ስንኝ 14፣ በሁለተኛው 16 ያገኛል። «ስንኙ ተዛንፏል» ቢል አይፈረድበትም። ጆሮ ግን በሁለቱም 12 ብቻ ነው የሚሰማው። ልዩነቱ የሚመጣው ከሳድስ ነው። «ዛፍ» ውስጥ ያለው «ፍ» እና «ላይ» ውስጥ ያለው «ይ» አናባቢ የላቸውምና ካለፈው ቀለም ጋር ይዋጣሉ፤ «ተኝቶ» ውስጥ ያለው «ኝ» ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። ሦስቱም በጽሑፍ አንድ ዓይነት ሳድስ ናቸው፤ የትኛው እንደሚቆጠር የሚያውቀው አንደበት ብቻ ነው።

ስንኙ ስለ ዋጫ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጫ በከፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ አካባቢ የመጣ፣ አፉን በካፊ ኖኖ የፈታ አንድ ተማሪ ይህን ስንኝ ሰሌዳ ላይ እንዳየ በመዳፉ ዴስኩን እየመታ አነበበውና «12፣ 12» አለ። ሌሎቹ ገና ጣታቸውን ያጥፉ ነበር። ይኸው ተማሪ ቀደም ሲል በተማረበት ተቋም በምጣኔ ጥያቄ ውጤት አጥቷል፤ የመልሱ ቁልፍ የተዘጋጀው ፊደል በመቁጠር ነበርና። አማርኛ አፍ መፍቻው ስላልሆነ ምጣኔ «አይገባውም» ተብሎም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በካፊ ኖኖ የአናባቢ ማጠርና መርዘም የቃል ትርጉም ይለያል፤ ቋንቋው በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ ይደገማል። እኛ ደግሞ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ መጥበቅና መላላቱን ፊደላችን አይነግረንም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የድምፅን ርዝመት ሲመዝን ያደገ ጆሮ ለምጣኔ የተዘጋጀ ጆሮ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ሥነ ልሳን ክፍል ያሉ ባልደረቦቼ ቢፈትሹት ደስ ይለኛል።

ወደ ስንኙ እንመለስ። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም አለው፤ ስድስቱ ደግሞ በቃል ወሰን ሦስት በሦስት ይከፈላሉ፦ «የዋጫ» ሦስት፣ «ደመና» ሦስት፣ «ከዛፍ ላይ» ሦስት፣ «ተኝቶ» ሦስት። አሁን «ከዛፍ ላይ ተኝቶ» የሚለውን አውጥተን «ከላይ ተዘርግቶ» እናስገባ። ቀለሙ ያው ስድስት ነው፤ ቤት መምቻውም አልተነካም። በጣት ለሚቆጥር ምንም አልሆነም። በጭብጨባ ለሚያነበው ግን እርምጃው ተሰብሯል፤ ሦስት ሲደመር ሦስት የነበረው ሁለት ሲደመር አራት ሆኗልና።

ይህ ዘፋኞቻችን ዕለት ተዕለት የሚጠቀሙበት ሒሳብ ነው። ስድስት ለሁለትም ለሦስትም ይከፈላል። ችክችካ የምንለው ምት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ ስድስቱ ትንንሽ ምቶች አንዴ እንደ ሁለት ሦስቶች፣ አንዴ እንደ ሦስት ሁለቶች ይሰማሉ። ከበሮው በአንዱ ሲሄድ እጅ በሌላው ሊያጨበጭብ ይችላል። ስለዚህ «ከላይ ተዘርግቶ» ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ገጣሚው ሆን ብሎ ካመጣውና ቦታውን ካወቀበት አድማጭን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ መሰናክል ነው። ሐያሲው ይህን ለመፍረድ መጀመሪያ ሊሰማው ይገባል።

ከምቱ ወደ ቅኝቱ ብንሻገር ቁጥሩ ይበልጥ ይገርማል። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል እርከን ይከፍለዋል። አራቱ ቅኝቶቻችን ከነዚህ ውስጥ አምስት ድምፅ ብቻ መርጠው በመካከላቸው የሚዘሉትን እርከን ይለያያሉ። ትዝታ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3፤ ባቲ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1፤ አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፤ አንቺ ሆዬ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። (ትዝታና ባቲ ሌላ ዝርያ እንዳላቸው አልዘነጋሁም፤ እዚህ የያዝኩት ሜጀር የሚባለውን ነው።) የባቲን ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ያነበበ አምባሰልን ያገኛል። ሁለቱ ቅኝቶች ፊትና መስተዋት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያምታታ አድማጭ ግን አላጋጠመኝም። የቁጥሮቹ ዓይነትና ብዛት አንድ ነው፤ ስሜቱን የለየው ቅደም ተከተላቸው ነው። «ሦስት ሲደመር ሦስት» እና «ሁለት ሲደመር አራት» ያሳዩንም ይህንኑ ነበር።

አንቺ ሆዬ ደግሞ የተለየች ናት። በሦስቱ ቅኝቶች ከመነሻው ድምፅ ሦስት ዝላይ የሄደ ሰው ሰባተኛው እርከን ላይ ያርፋል። ይህ የመሰንቆ ክር በሁለት ሦስተኛ ርዝመቱ ላይ ሲያዝ ለሚሰጠው ድምፅ እጅግ የቀረበ፣ ጆሮ የሚረጋበት ድምፅ ነው። አንቺ ሆዬ ግን ስድስተኛው ላይ ትቆማለች፤ ኦክታቩን እኩል ለሁለት ገምሳ ማረፊያውን ትነሳናለች። እዚህ ላይ አንድ ችኩል ተማሪ «የወል ቤትም 12ን ስድስት በስድስት ይከፍላል፤ ስለዚህ አንቺ ሆዬ የየወል ቤት ቅኝት ነው» ሊል ይችላል። ይህ ጨዋታ እንጂ ጥናት አይደለም። አንዱ 12 የጊዜ ነው፤ ሌላው የድምፅ ከፍታ፣ ያውም ክራርና መሰንቆ አጥብቀው የማይገዙለት የፒያኖ ልክ ነው።

ጀርመናዊው ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1712 ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ሙዚቃ ነፍስ መቁጠሯን ሳታውቅ የምትሠራው ሒሳብ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። አባባሉ የዋጫውን ተማሪ መዳፍ በደንብ ይገልጸዋል። ለውበት ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ ግን አልስማማም። የገበያ ዋጋ ዝርዝርም ስድስት በስድስት ሊገጠም ይችላል፤ ነፍስ እሱንም ትቆጥራለች፣ አትነካም እንጂ። ቁጥሩ መልኩን ይሰጣል፤ በዚያ ውስጥ ደመናውን መንገድ ማስረሳት የገጣሚው ፈንታ ነው።

የሚቀረው ሰንጎ መገን ነው፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው። አምስት ለሁለትም ለሦስትም አይከፈልም። በስድስት ምት በሚሄድ ዜማ ሲዘፈን ስድስተኛው ምት በአንድ ነገር መሞላት አለበት፤ አንዱ ዘፋኝ የመጨረሻውን ቀለም ያስረዝመዋል፣ ሌላው ዝም ይልበታል። ይህ ምት በታተሙት መድበሎቻችን የትም የለም። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠሩ የሚነገርላቸው የድጓ ምልክቶች ከፊደሉ አናት ላይ ተቀምጠው ድምፁ የሚያዝበትን፣ የሚወርድበትንና የሚቆረጥበትን ያሳያሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በአዲስ አበባ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሳሉ፣ ለዓለማዊው ግጥም እንዲህ ያለ ቀላል ምልክት በጋራ አለመበጀቱ ያስቆጫል። እኔ ለጊዜው ስንኞቹን በመሥመሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት እየተውኩ አባዝቼ አድላለሁ፤ ተማሪዎቹ ለሚረዝመው ቀለም ሰረዝ፣ ለዝምታው ክብ ያደርጉበታል። በሰንጎ መገን ላይ ሰረዙና ክቡ የሚቀመጡበት ቦታ ከተማሪ ተማሪ ይለያያል፤ እኔም ያንን እንደ ስሕተት አላርመውም።