«ለመኖር መተኮስ»፤ ስለ አንድ የሽጉጥ ማስተማሪያ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

ራስን በመሣሪያ ስለ መከላከል የተጻፉ መጻሕፍት በተማሪዎች ዘንድ እንደ መጽሐፍ አይቈጠሩም። የወታደርና የፖሊስ መመሪያ ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ሌላውን ሰው በምን ፍጥነትና በምን ምልክት ሊገድል እንደሚገባው የሚያስተምር ጽሑፍ፣ ከሕግና ከፍልስፍና መጻሕፍት ባላነሰ ጥንቃቄ መመርመር አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመለከተው ዊልያም ፌርበርንና ኤሪክ ሳይክስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1942 ያሳተሙትን መጽሐፍ ነው፤ ስሙን «ለመኖር መተኮስ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። (የአገራችንን ሕግ ከምጠቅስበት በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) መጽሐፉ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ስለ ሽጉጥ ውጊያ ያስተማሩ ብዙዎች ወይ ከእርሱ ቀድተዋል፣ ወይ ከእርሱ ጋር ተከራክረዋል።

በመጀመሪያ መጽሐፉ የበቀለበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ፌርበርን በ1907 የሻንጋይ ከተማ ፖሊስ ባልደረባ ሆነ። በዚያን ዘመን የሻንጋይ ዓለም አቀፍ ሰፈር የሚተዳደረው በቻይና መንግሥት ሳይሆን የውጭ አገር ሰዎች፣ ይልቁንም እንግሊዞች፣ በሠለጠኑበት የከተማ ምክር ቤት ነበር። ፖሊሶቹ እንግሊዞች፣ ከሕንድ የመጡ ሲኮችና ቻይናውያን ነበሩ። ከተማይቱ የኦፒየም ነጋዴ፣ ገንዘብ ለማስከፈል ሰው የሚሰርቅ ወንበዴና መሣሪያ የታጠቀ ቀማኛ የበዛባት ነበረች። ሳይክስም በዚያው ከተማ የሚኖርና በፖሊሱ ተጠባባቂ ክፍል የሚያገለግል ሰው ነበር። ሁለቱ በ1940 ወደ አገራቸው ተመልሰው የእንግሊዝን ልዩ ወታደሮች ያስተማሩት በሻንጋይ መንገዶች ያገኙትን ልምድ ነው።

የመጽሐፉ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሽጉጥ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ በዒላማ መወዳደር፣ ሁለተኛው መዋጋት ነው። ለአንደኛው የሚሰጠው ትምህርት ለሁለተኛው አይጠቅምም ይላሉ። እንደ ደራሲዎቹ አባባል አብዛኛው የሽጉጥ ውጊያ የሚደረገው ከ4 ያርድ፣ ማለት ከአራት ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም የለም። ማስጠንቀቂያ የሚሆነውም ምናልባት የባላጋራው እጅ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስ ከአንድ ሰኮንድ ሢሶ ብዙ የዘገየ ሰው በሕይወት አይተርፍም።

ከዚህ በመነሣት ተዋጊው በማነጣጠሪያው ለማየት ጊዜ የለውም ይላሉ። ጐንበስ ብሎ ሽጉጡን አጥብቆ ይጨብጥ፣ ጣቱን እንደሚቀስር ሁሉ አፈሙዙን ወደ ባላጋራው መካከለኛ አካል ይቀስር፣ ሁለት ጥይት አከታትሎ ይተኩስ። የአውቶማቲክ ሽጉጥ መቆለፊያም ክፍት ሆኖ እንዲቀር በብረት እንዲቸነከር ያዝዛሉ። ጥይት ወደ በርሜሉ ሳይገባ ሽጉጡ ይያዛል፤ ባለቤቱ ከወገቡ ሲመዘው በዚያው ያቀባብለዋል። ምክንያቱም በድንጋጤ ጊዜ ጣት ትንሽ ቁልፍ ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም።

በዚህ በኩል ደራሲዎቹ የሚመሰገኑ ናቸው። ፍርሃትን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቈጥረው ትምህርታቸውን በእርሱ ላይ መሥርተዋል። ተማሪውን በጠራ ሰማይ ሥር ከማይንቀሳቀስ ክብ ዒላማ ፊት ከማቆም ይልቅ፣ ጨለማና ድንገተኛ ነገር ወዳለበት የመለማመጃ ቤት አስገብተውታል። ዛሬ በየአገሩ ለፖሊስ የሚሠራው የመለማመጃ ቤት የዚህ ሐሳብ ዘመድ ነው።

ነገር ግን መጽሐፉ አንባቢውን ለማሳመን የሚያቀርበው ዋና ማስረጃ ሰንጠረዥ ነው። በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ የሻንጋይ ፖሊሶች መሣሪያ ከታጠቁ ወንጀለኞች ጋር 666 ጊዜ ተጋጥመዋል። ከፖሊሶቹ 42 ሞተዋል፣ 100 ቈስለዋል። ከወንጀለኞቹ 260 ሞተዋል፣ 193 ቈስለዋል። አንድ ፖሊስ ሲሞት ስድስት ወንጀለኛ ሞቷል ማለት ነው። ደራሲዎቹ የራሳቸውን ሙታን አለመደበቃቸው መልካም ነው። ሰንጠረዡ ግን የሚባለውን ያህል ይመሰክራልን?

አንደኛ፣ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም። ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት የነበረው ቁጥር ከጐኑ ካልቆመ፣ ድሉን ያመጣው የአተኳኰሱ ዘዴ ነው ለማለት አይቻልም። የሻንጋይ ፖሊስ ጥይት የሚመክት ጋሻና ሰደርያም ነበረው። ብዙ ሆኖ መሄድም ይችል ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የዘዴው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ ሰንጠረዡ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ቢተያዩ ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ከተመቱት 142 ፖሊሶች የሞቱት 42፣ ማለት ከመቶ 30 ያህል ናቸው። ከተመቱት 453 ወንጀለኞች ግን የሞቱት 260፣ ማለት ከመቶ 57 ያህል ናቸው። በአንደኛው ወገን ቁስለኛ ይበዛል፤ በሁለተኛው ወገን ሟች ይበዛል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ቈስለው ያመለጡት ስላልተቈጠሩ ሊሆን ይችላል። ፖሊሱ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ስለሚደርስ ሊሆን ይችላል። ወይም የወደቀውም ሰው ይተኰስበት ስለ ነበር ሊሆን ይችላል። ሦስቱ መልሶች ፈጽሞ የተለያየ ፍርድ የሚያሰጡ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ግን በሦስቱ መካከል አይለይም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ጉድለት ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ «ፖሊስ» እና «ወንጀለኛ»። በመንገድ ሲያልፍ ለተመታው ሦስተኛ ዓምድ የለም። በጨለማ እጁን አንቀሳቅሶ መሣሪያ ሳይኖረው ለተገደለውም ቦታ የለም። በሕዝብ በተጨናነቀ ከተማ፣ ማነጣጠሪያ ሳይታይ፣ በሰኮንድ ሢሶ የሚተኰስ ጥይት ሁሉ ወንጀለኛ ላይ ብቻ ያርፋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ያ ፖሊስ ሦስተኛውን ዓምድ የሚያውቅበት ምክንያት ነበረው። በግንቦት 1925 በአንድ የጃፓኖች የጥጥ ፋብሪካ አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ ስለ ተገደለ፣ ግንቦት 30 ቀን ተማሪዎች በሻንጋይ መንገዶች ወጥተው ሕዝቡን ቀሰቀሱ። አንዳንዶቹ ተያዙ። ሕዝቡም ይፈቱልን እያለ በናንኪንግ መንገድ ወደሚገኘው የፖሊስ ጣቢያ ተሰበሰበ። በዚያ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ጥቂት ሰኮንድ ብቻ የፈጀ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ሲኮቹና ቻይናውያኑ ፖሊሶች እንዲተኩሱ አዘዘ። የሟቾቹ ቁጥር እንደ ጸሐፊው ቢለያይም ከ9 አያንስም፤ ከእነርሱም ተማሪዎች ነበሩ። ሥራ የማቆምና የውጭ ሸቀጥ ያለመግዛት አድማ በቻይና ከተሞች ሁሉ ተዛመተ። ለደራሲዎቹ ፍትሕ ለማድረግ፣ ይህ በትእዛዝ የተተኰሰ እንጂ እነርሱ የሚያስተምሩት ዓይነት የሰው ለሰው ውጊያ አልነበረም። ሰንጠረዡም መሣሪያ ከታጠቁ ወንጀለኞች ጋር የተደረገውን ብቻ ስለሚቈጥር፣ የናንኪንግ መንገድ ሙታን በአርእስቱ ራሱ ከውጭ ቀርተዋል። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። አንድ ፖሊስ የተኰሰውን የሚቈጥርበት መዝገብ አስቀድሞ ጥፋተኞችን ብቻ እንዲይዝ ከተሰመረ፣ ስሕተቱ ለዘላለም አይታየውም።

ከመጽሐፉ በኋላ የመጣው ክርክር ይህን ጥያቄ ወደ ጐን ተወው። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በካሊፎርኒያ ጄፍ ኩፐርና ባልደረቦቹ ባዘጋጁት ውድድር ጃክ ዊቨር የተባለ የፖሊስ ሰው ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ፣ በማነጣጠሪያውም እያየ በመተኮስ አሸነፈ። ኩፐርም ይህን ወደ ትምህርት ለውጦ በ1976 በአሪዞና የታወቀ የሽጉጥ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የተኳሾች ክርክር «በማነጣጠሪያ ወይስ በቅስራ?» «በአንድ እጅ ወይስ በሁለት?» የሚል ሆነ። ጥያቄው የማይረባ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው «ይህን ሰው ልተኩስበት ይገባኛልን?» የሚለው ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1987 በኳንቲኮ የሠራው የመለማመጃ መንደር ተማሪውን ይህን አንደኛውንም ጥያቄ እንዲመልስ ማስገደዱ በጎ እርምጃ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጨምር። የካቲት 4 ቀን 1999 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ጊኒያዊ የሆነው አማዱ ዲያሎ በሌሊት በሚኖርበት ቤት ደጃፍ ቆሞ ሳለ ሲቪል የለበሱ አራት ፖሊሶች ቀረቡት። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ያወጣው የገንዘብ ቦርሳ ነበር። 41 ጥይት ተኰሱ፣ 19ኙ መቱት፣ ሞተ። በ2000 ፍርድ ቤት አራቱንም ነጻ ለቀቃቸው። እነዚህ ፖሊሶች የፌርበርንን መጽሐፍ አነበቡ አልልም። ነገር ግን መጽሐፉ የቈጠራቸው ነገሮች ሁሉ፣ ማለት ቅርብ ርቀት፣ ደካማ ብርሃንና አጠራጣሪ የእጅ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ደጃፍ ተሟልተው ነበር። የጐደለው ባላጋራው ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆኑንና የመከላከያው መጠን ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሰው በሰኮንድ ሢሶ ውስጥ ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ አስቀድመው መመለስ አለባቸው፤ ይኸውም በርቀት አያያዝ፣ ከለላ በመፈለግ፣ በመጮህ፣ መብራት በማብራት፣ ቢቻልም በመሸሽ ጊዜን በመግዛት ነው። ጥሩ ትምህርት ማለት ሰው በሢሶ ሰኮንድ እንዲተኩስ ብቻ ሳይሆን፣ ወደዚያ ሢሶ ሰኮንድ እንዳይገባ የሚያስተምር ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ለመኖር መተኮስ» ስለ ሰው ፍርሃት እውነተኛ፣ ስለ ሽጉጥ አያያዝ አስተዋይ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን «ለመኖር» ሲል የማንን መኖር እንደሚቈጥር በሰንጠረዡ ገልጿል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በጥይት የቸኮለ ግን የሚለቅመው የለውም። ስለዚህ ማንም የመሣሪያ ትምህርት ስለ ውጤቱ ቁጥር ባቀረበልን ጊዜ፣ ከማድነቃችን በፊት ሦስተኛው ዓምድ የት አለ ብለን እንጠይቅ።