ስለ ፒ53 ፕሮቲን የሚሰጠው ማብራሪያ ሲመዘን

በሥነ ሕይወት ትምህርት አንድ አገላለጽ ሲለመድ፣ ጥቅሙ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሚሸፍነውን ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ዴቪድ ሌን እ.ኤ.አ. በ1992 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን «የጂኖም ዘበኛ»፣ ማለትም የሕዋሱ የዘር ውርስ ጠባቂ ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል።

በቅድሚያ በጎ ጎኑ ሊጠቀስ ይገባል። ፒ53 እ.ኤ.አ. በ1979 ከታወቀ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ነቀርሳን የሚያግዝ ፕሮቲን መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን ጤነኛው ፒ53 ነቀርሳን የሚገታ መሆኑ ታወቀ። «ዘበኛ» የሚለው ስም ይህን እርማት በአንድ ቃል ያስጨብጣል። ዲ.ኤን.ኤ. ሲጎዳ ፒ53 የሕዋሱን መከፋፈል አስቁሞ ለጥገና ጊዜ ይሰጣል፤ ጉዳቱ ሲከፋም ፑማና ባክስ የተባሉት ፕሮቲኖች እንዲሠሩ በማዘዝ ሕዋሱን በሥርዓት ለሚፈጸም ሞት ይዳርገዋል።

ይሁን እንጂ ስያሜው አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይኸውም፣ ይህን ያህል አደገኛ የሆነ ፕሮቲን በጤና ጊዜ በምን ይገታል? የሚለው ነው። ተማሪው ፒ53 አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ሕዋስ ፒ53ን ዘወትር ይሠራል፤ ዘወትርም ያፈርሳል። ካለው ፒ53 ግማሹ ለመፍረስ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ለመፍረስ የሚዳርገው ኤም.ዲ.ኤም.2 የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ በፒ53 ላይ ዩቢክዊቲን የሚባል ምልክት ይለጥፍበታል፤ ምልክት ያለበትንም ፕሮቲአዞም የተባለው የሕዋሱ ክፍል ይበጣጥሰዋል። ዲ.ኤን.ኤ. ሲበጠስ ኤ.ቲ.ኤም. የተባለው ኢንዛይም በሁለቱም ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ስለሚያክል ኤም.ዲ.ኤም.2 ፒ53ን መያዝ ይሳነዋል፤ ፒ53ም ይከማቻል። ከዚህም በላይ ኤም.ዲ.ኤም.2 በብዛት እንዲሠራ የሚያዘው ራሱ ፒ53 ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ሲጠገን መጠኑ ተመልሶ ይቀንሳል።

የዚህን ቁጥጥር ክብደት በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ጥናት ፒ53 የሌላቸው አይጦች ተወልደው ቢያድጉም በለጋ ዕድሜያቸው በዕጢ ተጠቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ኤም.ዲ.ኤም.2 የሌላቸው ጽንሶች ገና በማኅፀን እንደሚሞቱ፣ ፒ53ም አብሮ ሲወገድ ግን እንደሚተርፉ አረጋገጡ። ተቆጣጣሪ ያጣው ዘበኛ ጽንሱን ራሱን ገድሎታል ማለት ነው።

መምህሩ ይህን በአንድ በርሜል ሊያስረዳ ይችላል። ከላይ ውኃ እየገባበት ከታች የሚፈስ በርሜል መውጫው ሲደፈን ይሞላል፤ ከላይ የሚገባው ውኃ ግን አልጨመረም። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ስለ ፕሮቲን መሠራት የሚያስተምረው ምዕራፍ ስለ መፍረሱ ዝም እንዳይል ማሰብ ይኖርባቸዋል። ምዕራፉ ዝም ካለ ተማሪው «በዛ» የሚለውን ሁሉ «በብዛት ተሠራ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ የፒ53 ጂን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኤም.ዲ.ኤም.2 ከመጠን በላይ በመብዛቱ የሚያድጉ ነቀርሳዎች አሉና። እንዲህ ያለውን በሽታ በዘበኛው ስም ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ «ዘበኛ» የሚለው ስም ይቀጥል፤ የተቆጣጣሪው ሥራ ግን በዚያው ትምህርት ውስጥ አብሮ ይሰጥ።