ለየአንባቢው ጠባይ የሚስማሙ የሥዕል ታሪኮች

በትምህርት ቤቶቻችን «ኮሚክ» የሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው እንደ ሕፃናት መጫወቻ፥ ወይም ማንበብ የከበደው ሰው እንደሚሸሸግበት ነገር ነው። ይህ አስተያየት በሁለት ምክንያት ትክክል አይመስለንም። አንደኛ፥ በዚህ ዐይነት አተራረክ ከታላላቅ ልብ ወለዶች ጐን ሊቀመጡ የሚገባቸው ሥራዎች ተፈጥረዋል። ሁለተኛ፥ የተናቀ ነገር አይመረመርም፤ ያልተመረመረም ነገር ሳይጠየቅ ወደ አእምሮ ይገባል። በጽሑፍ የቀረበለትን ስድብ አንባቢ ይከራከረዋል፤ በሥዕል የቀረበለትን ግን እየሣቀ ይቀበለዋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለየአንባቢው ምርጫ የሚስማሙትን ጥቂት ኮሚኮች ማመልከት ብቻ ሳይሆን፥ መልካሙን ከመጥፎው ለመለየት የሚያገለግል መመዘኛም ማቅረብ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ በምርጫችን ውስጥ ያሉት መጻሕፍትም በእንግሊዝኛ ይገኛሉ።

ስለ መመዘኛው

የሥዕል ታሪክ ማለት ተራ በተራ በተደረደሩ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ ነው፤ ተናጋሪው የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ ከአፉ አጠገብ በመሥመር ተከቦ ይጻፋል። በአውሮፓ የዚህ ጥበብ ጀማሪ እየተባለ የሚጠቀሰው ሮዶልፍ ቶፕፌር የተባለው የጄኔቭ መምህር ሲሆን፥ የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመው በ1833 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛችን ይህ ነው፤ ሥዕሉን ብናነሣው ታሪኩ ምን ይጐድለዋል? ምንም ካልጐደለው፥ መጽሐፉ ሥዕል የተለጠፈበት ተረት እንጂ የሥዕል ታሪክ አይደለም።

ሁለተኛውን መመዘኛ የወሰድነው ከአገራችን ሥዕል ነው። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳዩት በሸራ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች፥ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚነበቡ ስለ ሆኑ፥ የሥዕል ታሪክ ለአገራችን ባዕድ አለመሆኑን ይመሰክራሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የታወቀ ደንብ አለ፤ ጻድቃን ሁለቱም ዐይኖቻቸው እንዲታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፥ ይሁዳን የመሰሉ ከሓድያንና አጋንንት ግን በጐን፥ አንድ ዐይን ብቻ ይዘው ይታያሉ። ስለ ዐድዋ ጦርነት በተሣሉት ብዙ ሥዕሎች ውስጥም ኢትዮጵያውያን ባለ ሁለት ዐይን፥ የኢጣልያ ወታደሮች ባለ አንድ ዐይን ናቸው። የእኛ ሠዓሊ ይህን ሲያደርግ የሚደብቀው ነገር የለም፤ ደንቡን እርሱም ተመልካቹም ያውቁታል። የውጭ አገር ኮሚክም ይህንኑ ደንብ ይሠራበታል፥ ነገር ግን በይፋ አይናገረውም። ስለዚህ አንድ ኮሚክ ስንከፍት፥ ይህ ሠዓሊ ሁለት ዐይን የሰጠው ለማን ነው? አንድ ዐይንስ የተወለት ለማን ነው? ብለን እንድንጠይቅ ይገባል። በእኛ አስተያየት፥ ሊነበብ የሚገባው ኮሚክ የራሱ ወገን ላልሆነው ሰው ሁለተኛውን ዐይን ለመስጠት የሚጣጣረው ነው።

ጀብዱ ለሚወድ

ጀብዱ የሚወድ አንባቢ በቲንቲን ይጀምር። ይህን ወጣት ጋዜጠኛ የፈጠረው፥ ኤርዤ በሚል የብዕር ስም የታወቀው የቤልጂክ ተወላጅ ዦርዥ ረሚ ሲሆን፥ ታሪኩ መውጣት የጀመረው በ1929 ነው። የኤርዤ መሥመር ጥርት ያለ ነው፤ ጥላ አያበዛም፥ ሩጫውና ውድቀቱም ያለ ቃል ይነበባል። ይሁን እንጂ በ1931 በመጽሐፍ መልክ የታተመው «ቲንቲን በኮንጎ» አንድ ዐይን ስለ ተተወለት ሕዝብ ዋና ምሳሌ ነው። በዚያ መጽሐፍ የኮንጎ ሰዎች ከንፈራቸው ተጋኖ፥ ንግግራቸው ተሰባብሮ፥ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ሆነው ተሥለዋል፤ ቲንቲንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ «አገራቸው» ስለ ቤልጂክ ሊያስተምራቸው ይነሣል። መጽሐፉ በ1946 በቀለም እንደ ገና ሲዘጋጅ ያ ትምህርት ወደ ሒሳብ ተለወጠ፤ የተማሪዎቹ ፊት አሣሣል ግን በዚያው ቀረ። ቃሉን ያረመው እጅ ፊቱን ዝም ብሎ አልፎታል። ሥዕልን ከቃል ይልቅ አጥብቀን እንድንመረምር የሚያስገድደንም ይህ ነው።

ኤርዤ ግን በዚህ አልቆመም። «ሰማያዊው ሎተስ» የተባለውን፥ በ1936 በመጽሐፍ መልክ የወጣውን ታሪክ ሲያዘጋጅ፥ በብሩሰል ሥነ ጥበብ ይማር ከነበረው ከቻይናዊው ዣንግ ቾንግሬን ጋራ ተዋወቀ። ከዚህም የተነሣ የሻንጋይ ጐዳና በግድግዳ ላይ እስከ ተጻፈው ፊደል ድረስ በጥንቃቄ ተሣለ፤ በ1931 ጃፓን ማንቹሪያን ለመያዝ ሰበብ ያደረገችው የባቡር ሐዲድ ፍንዳታም በታሪኩ ውስጥ ገባ። ቲንቲንና ቻንግ የተባለው ልጅ አንዱ ሕዝብ ስለ ሌላው የሚያወራውን ከንቱ ወሬ እየተነጋገሩ የሚሥቁበት ገጽ በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። የሚያሳዝነው ግን፥ ቻይናውያኑ ሁለተኛ ዐይን ባገኙበት በዚያው መጽሐፍ ጃፓናውያኑ ጥርሳቸው አግጥጦ መሣላቸው ነው። ኤርዤ ከዚህ እስራት ፈጽሞ የወጣው በ1960 በታተመው «ቲንቲን በቲቤት» ይመስለናል። በዚያ ታሪክ ክፉ ሰው የለም፤ የሚያስፈራው የበረዶ አውሬ እንኳ በመጨረሻው የሚያሳዝን ፍጡር ሆኖ ይገኛል። አንድ ተማሪ ከአንድ ሠዓሊ ጋራ ተቀምጦ በመነጋገሩ ይህን ያህል ለውጥ መምጣቱ፥ በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች ከቁም ነገር የሚገባ ነው።

ሣቅ ለሚወድ

ሣቅ የሚወድ ሰው በ1959 የተጀመረውን አስተሪክስን ያንብብ። ጸሐፊው ረኔ ጎሲኒ፥ ሠዓሊው አልቤር ዩደርዞ ነው። ነገሩ የሚፈጸመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ50 ዓመት ሲሆን፥ ጁልየስ ቄሣር ጎልን በሙሉ ሲይዝ አንዲት ትንሽ መንደር ብቻ አልገዛም ብላ ቀርታለች። ሠዓሊው ፊደልን ራሱን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ጎታውያን ሲናገሩ ቃላቸው በጥንታዊው የጀርመን የፊደል ቅርጽ ይጻፋል፥ በ1965 በወጣው «አስተሪክስና ክሌኦፓትራ» ደግሞ ግብጻውያን በትናንሽ ሥዕሎች ይነጋገራሉ። ይህን ቀልድ ያለ ሥዕል ማንም ሊተርከው አይችልም።

ጎሲኒ በሁሉም ሕዝብ ላይ ይቀልዳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን በራሱ ወገኖች ላይ ይቀልዳል። የመንደሩ ሰዎች ጉረኞች ናቸው፥ ዓሣው ሸተተ አልሸተተም እያሉም ይደባደባሉ። ይህ ቀልድ ስድብ ሳይሆን የሚቀረው ሁሉም በእኩል ስለሚደርሰው ነው። እኩልነቱ የሚፈርስበት አንድ ቦታ አለ፤ በባሕር ወንበዴዎቹ መርከብ ምሰሶ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ጥቍር ሰው እንደ ጥንቱ የአውሮፓ ፌዝ ከንፈሩ ተጋኖ ተሥሏል። አንባቢ በሌላው ገጽ እየሣቀ እዚህ ላይ ሣቁን ቢያቆም፥ ደስታው የሚቀንስ አይደለም፤ የሚሣቅበትንና የማይሣቅበትን ለይቶ ያውቃል።

ታሪክ ለሚመረምር

ለታሪክ ተማሪ ሁለት መጻሕፍት እንመርጣለን። የመጀመሪያው የአሜሪካዊው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው፤ በሁለት መጽሐፍ በ1986ና በ1991 ታትሞ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል። ደራሲው ከአውሽዊትስ የተረፈው አባቱ ቭላዴክ የነገረውን ይተርካል። በሥዕሉ አይሁድ አይጦች፥ ጀርመኖች ድመቶች፥ ፖላንዶች ዓሣሞች ናቸው፤ ይህም በፖላንድ ብዙ ቍጣ አስነሥቷል። ሲታይ ለመመዘኛችን ተቃራኒ ይመስላል፤ ሕዝብን ሁሉ በአንድ ዐይነት ፊት መሣል አንድ ዐይን መስጠት አይደለምን? ስፒገልማን ግን ይህ ፊት ጭምብል መሆኑን ራሱ ያሳያል። አይሁዱ ሲሸሸግ የዓሣማ ጭምብል ያደርጋል፤ በሁለተኛው መጽሐፍም ደራሲው ራሱን የሥሣለው የአይጥ ጭምብል እንዳሰረ ሰው አድርጎ ነው። ከዚህም በላይ፥ ይህን ሁሉ መከራ ያየው አባት መንገድ ላይ ለተሳፈረ አንድ ጥቍር ሰው ያለውን ንቀት ሳይሸፍን ይተርካል። መከራ መቀበል ብቻውን ሰውን ጻድቅ እንደማያደርገው ልጁ ስለ አባቱ ደፍሮ በመናገሩ፥ መጽሐፉ ከልቅሶ ወደ እውነት ከፍ ብሏል። በ1922 ሳይሆን በእኛ ዘመን፥ በ2022፥ በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት የአንድ አውራጃ የትምህርት ቦርድ ይህን መጽሐፍ ከትምህርት ማውጣቱ፥ ኮሚክ የልጆች መጫወቻ ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት ራሱ ያፈርሰዋል፤ መጫወቻን የሚፈራ ቦርድ የለምና።

ሁለተኛው በ1973 መውጣት የጀመረው የጃፓናዊው የኬይጂ ናካዛዋ «ባዶ እግሩ ጌን» ነው። ናካዛዋ በነሐሴ 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምብ በሂሮሺማ ላይ ሲወድቅ የ6 ዓመት ልጅ ነበረ፤ አባቱን፥ እኅቱንና ታናሽ ወንድሙን በዚያ ቀን አጥቷል። አሣሣሉ ሻካራ ነው፤ ሰዎቹ ይጮኻሉ፥ ይማታሉ። የሆነ ሆኖ ደራሲው አሜሪካን ብቻ ከስሶ አያበቃም፤ ሕዝቡን ወደ ጦርነት የነዱትን የጃፓን መሪዎችም ይከሳል። ጦርነቱን የሚቃወመው አባት በጎረቤቶቹ ዘንድ ከሓዲ ሲባል፥ ለቤተሰቡ የሚያዝነው ራሱ የሚናቀው ኮሪያዊው ፓክ ነው። ሆዱ ለማይጨክን አንባቢ ግን ይህን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንዲጨርሰው አንመክርም።

የሰውን ሕይወትና የዕለት ኑሮን ለሚወድ

የሕይወት ታሪክ የሚወድ የማርጃን ሳትራፒን «ፐርሴፖሊስ» ያንብብ። ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይኛ በአራት ክፍል የወጣው ይህ መጽሐፍ፥ ከ1979 አብዮት ጀምሮ በኢራን ያደገችውን፥ በ14 ዓመቷም ወደ ቪየና የተላከችውን የደራሲዋን ታሪክ ይነግራል። ሥዕሉ ጥቍርና ነጭ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሻሽ የተከናነቡ ልጃገረዶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ልብሳቸው አንድ ዐይነት ነው፥ የእያንዳንዷ ፊት ግን ልዩ ነው። ስለ ሕግና ስለ ሰው ጠባይ በብዙ ገጽ ሊጻፍ የሚችለው ነገር በዚህ በአንድ ሥዕል ተጠቃልሏል።

የሰፈር ወሬ፥ ፍቅርና የቤተሰብ ጭቅጭቅ የሚያስደስተው ደግሞ «አያ»ን ይፈልግ። ጸሐፊዋ የአይቮሪ ኮስት ተወላጅ ማርገሪት አብዌ፥ ሠዓሊው ፈረንሳዊው ክሌማን ኡብርሪ ሲሆኑ፥ መጽሐፉ በ2005 ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በአንጉሌም የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ነገሩ የሚፈጸመው በአቢጃን ዮፑጎን በተባለው ሰፈር፥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አያ ሐኪም ለመሆን ትመኛለች፤ ጓደኞቿ ጭፈራና ወንድ ያሳድዳሉ። ጦርነትም ረኀብም የለበትም። ስለ አፍሪቃ በሌሎች ዘንድ የተለመደው ሥዕል ወይ አውሬ ወይ ሬሳ በሆነበት ዓለም፥ ልጅቱ ሐሜት ስትሰማ ቅንድቧን ከፍ ማድረጓን ብቻ መሣል ትልቅ ሥራ ነው።

ጕዞን ለሚወድ

በመጨረሻ፥ ባሕርና በረሃ ለሚናፍቅ የኢጣልያዊውን የሁጎ ፕራትን «ኮርቶ ማልቴዝ» እናቀርባለን። ፕራት ልጅ ሳለ፥ ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን ከቤተሰቡ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሲሆን፥ አባቱ በ1942 በምርኮ ላይ ሞቷል። በ1967 የፈጠረው መርከበኛ ኮርቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በቀይ ባሕር ዙሪያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚያደርገው ጕዞ «ኢትዮጵያውያን» በሚለው ክፍል ይገኛል። በዚህ ውስጥ ኩሽ የተባለው ተዋጊ የኮርቶ አሽከር አይደለም፤ ይከራከረዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይረታዋል። የገዥ ልጅ ሆኖ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። ቢሆንም ምድራችን በፕራት ብዕር የጥንቆላና የምኞት ምድር ሆና መቅረቷን አንክድም፤ ተዋጊው ሁለት ዐይን አግኝቷል፥ ገበሬው ግን ገና አልታየም።

ማጠቃለያ

ይህ መመዘኛ ጥበብን በግብረ ገብ ሚዛን ይመዝናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ሰውን በአንድ ፊት ብቻ የሚሥል ሠዓሊ የሚበድለው የተሣለውን ብቻ አይደለም፤ ሁሉን አንድ አድርጎ ስለ ተመለከተ አሣሣሉም ይደኸያል። «ቲንቲን በኮንጎ» ከ«ቲንቲን በቲቤት» የሚያንሰው በግብረ ገብ ብቻ ሳይሆን በጥበብም ነው።

በአገራችንም ጅማሬ አለ፤ በ2018 «ጀምበር» የተባለው የጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ወደ ፊት የሚመጡት ሠዓሊዎቻችን ከአባቶቻቸው የተረከቡትን የሁለት ዐይን ደንብ እንዳይረሱት፥ ነገር ግን ለማን እንደሚሰጡት ደግመው እንዲያስቡበት እንመኛለን። በዚህ ጕዳይ የተለየ አሳብ ያላቸው መምህራንና ጓደኞቻችንም አስተያየታቸውን ጽፈው ቢያቀርቡ፥ ክርክሩ ለሁላችንም ይጠቅመናል።