የወደድነውን ፊልም ለምን እንደብቃለን?

በካርቲየ 2 የቀትሩ ሙቀት በርዶ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ወሬው ወደ ፊልም የሚያመራበት ጊዜ ብዙ ነው። «ከፊልም ሁሉ የትኛውን ትወዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ልቡን መርምሮ ሳይሆን የጠያቂውን ፊት አይቶ ነው። ጠያቂው የተማረ ከመሰለው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ይጠራል፤ ፈረንሳይኛ የሚያዘወትር ከሆነም እዚሁ ጅቡቲ የተቀረጸውን የክሌር ዴኒን «ቦ ትራቫይ» ያነሣል። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው አልፎ፣ በረካው ላይ ሲደረስ ግን ያው ሰው ስለ አንድ የህንድ ፊልም ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ይህን ሥራ የምትሠራው በረካ ናት።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ ነኝና። «ጤዛ»ን ገና ሳላየው ያመሰገንሁበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ መውሰዱን ሰምቼ ነበርና ይኸው የበቃኝ መሰለኝ። ያመሰገንሁት እንግዲህ ሽልማቱን እንጂ ፊልሙን አልነበረም። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳየው የጀርመን አገሩ የተማሪዎች ክርክር ረዘመብኝ፤ እንደ ስብሰባ ንግግርም ከበደኝ። አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ፣ ከወታደር ምልመላ ሸሽተው በዋሻ የተሸሸጉት ልጆች ሲታዩ ግን ትንፋሼን ዋጥሁ። ፊልሙን በእውነት የወደድሁት ያን ጊዜ ነው። እንከኑን አምኜ ስለ ተቀበልሁም ፍቅሬ አልቀነሰም።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። ደጋግሜ ያየሁትና ባየሁት ቁጥር ያለቀስሁበት ፊልም የሜህቡብ ካን «ማዘር ኢንዲያ» ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ አራጣ አበዳሪ ያራቆታት ገበሬ ናት፤ ማረሻ ተሸክማ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በመጨረሻም የመንደሩን ልጅ በጉልበት ይዞ ሊሄድ የተነሣውን የገዛ ልጇን በጥይት ትጥላለች። ፊልሙ ዘፈን ይበዛዋል፤ አበዳሪው ከመጠን በላይ ክፉ ነው፤ እንባ ለማስፈሰስ ታስቦ የተቀመጠው ቦታም ከሩቅ ይታያል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አለቅሳለሁ። እናት ልጇንና የመንደሯን ክብር በአንድ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለምና። ፊልሙ በጊዜው ለውጭ ቋንቋ ፊልሞች በሚሰጠው የኦስካር ሽልማት ታጭቶ እንደ ነበረ መጥቀስ እችል ነበር፤ ነገር ግን ይህም ተመልሶ ከሽልማት ጀርባ መደበቅ ይሆንብኛል።

«ቦ ትራቫይ»ስ? ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ፊልም «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2022 የዓለምን ሐያስያን ጠይቆ ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር 7ኛ ሆኗል። ታሪኩ በጅቡቲ የሰፈረውን የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር የሚመለከት ነው፤ ጋሉፕ የተባለ የበታች ሹም በአንድ ወጣት ወታደር ላይ የሚያድርበትን ቅናት ያሳያል። ግማሹን ያየሁት በትዕግሥት መሆኑን አልሸሽግም። ወታደሮቹ በጠራራ ፀሐይ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲለማመዱ ሐያስያኑ ውበት አዩ፤ እኔ ግን ሙቀቱን ስለማውቀው ጥላ ፈለግሁ። ወታደሮቹ ልብሳቸውን በካውያ መስመር ሲያስይዙ ግን ቀና ብዬ ተመለከትሁ። ከአገሩ የራቀ ሰው ብቸኝነቱን በሥርዓት ሲሸፍነው እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሰረኝ ሌላ ነገር ነው። ጋሉፕ ራሔል የምትባል ወዳጅ አለችው፤ የተጫወተችውም ማርታ ታፈሰ ካሳ ናት። ሁለቱም የእኛ ስሞች ናቸው። ራሔል ትደንሳለች፤ ከጋሉፕም ጋር ትታያለች፤ ከዚያ በላይ ግን ስለ እርሷ የሚነገረን ኢምንት ነው። ከየት መጣች? በባቡር ነው ወይስ በእግር? ያገኘችውን ገንዘብ ለማን ትልካለች? ፊልሙ የጋሉፕን ልብ እስከ ሥሩ ይመረምራል፤ የራሔልን ግን በሩን እንኳ አያንኳኳም። ይህን ፊልም ለጠያቂ ሁሉ ሳሞግስ በኖርሁበት ጊዜ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን አልመጣብኝም። የመጣልኝ የተዋስሁትን አድናቆት መልሼ በገዛ ዓይኔ ሳየው ነው። በካርቲየ 2 የሚኖር ተመልካች ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ የለንደን ሐያሲ እንዲጠይቅለት መጠበቅ የለበትም።

የይሉኝታ ጉዳቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሰውን ለማስደነቅ የሚናገር ሰው ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያታልላል፤ ያየውን አያይምና። ጉዳቱ ለፊልም ሠሪውም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የአገር ውስጥ ሥራ ይጎዳል የሚለው ስጋት ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ተመልካቹ በእነዚያ ድራማዎች ውስጥ ምን አግኝቶ እንደ ወደዳቸው መጠየቅም ይገባ ነበር። የወደደውን ለመናገር ካፈረ ተመልካች ደራሲ ምን ይማራል?

ሐቀኝነት ማለት ግን «እኔ ወድጄዋለሁ፤ በቃ» ብሎ ጨዋታ መዝጋት አይደለም። ይህም ሌላ መሸሻ ነው። ፊልም ሁሉ እኩል ነው ማለትም አይደለም። ሐቀኛ መልስ ሁለት ክፍል አለው፤ የነካኝ ምንድን ነው? የነካኝስ ለምንድን ነው? ሁለተኛውን ለመመለስ የሚደፍር ሰው የወደደውን ፊልም ጉድለት ለማየት፣ ያልወደደውንም ብርታት ለመመስከር አይቸገርም።

እዚሁ ከተማችን የተቀረጸው የካድር አይደሩስ አህመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» እ.ኤ.አ. በ2021 «ጤዛ» የወሰደውን ያንኑ የወርቅ ፈረስ ወስዷል። የታመመች ሚስቱን ለማሳከም ገንዘብ ያጣ ሰው አካፋውን ይዞ በሆስፒታል ደጅ ሬሳ ሲጠብቅ ያሳያል። ሽልማቱን ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለው። ያላየን ሰዎች «አላየሁም» እንበል፤ ያየን ደግሞ የት ላይ እንዳዘንን፣ የት ላይ እንደ ሰለቸን እንነጋገር። በረካን ሳንጠብቅ፣ በአቦሉ።